አምስት ቁጥር በር ላይ ያለው ፊት

— ሄሎ?... ሄሎ... ቆይ አንዴ — አንቺ፣ አንሶላውን ጥግ ከጥግ ገጥመሽ እጠፊው እንጂ፣ ድንኳን እኮ አይደለም! — አቤት፣ ሄሎ፣ ገስት ሀውስ ነው። ማን ልበል?

— ማን?... ኧረ! አንተ ነህ እንዴ! የመምህር ልጅ! ሾፌሩ! ምነው ድምፅህ ጉድጓድ ውስጥ የወደቀ ሰው መሰለ?... ዳገት ላይ ነህ? እና ቆም አርገዋ መኪናውን! ተሳቢ እየጎተትክ በአንድ እጅህ ስልክ ይዘህ ገደል ብትገባ፣ የአባትህ ጣጣ አንሶ አንተንም የሰፈሩ ኮሚቴ ነው የሚቀብርህ።... ቆምክ? በል እሺ።

— እኔማ አለሁ፣ ምን እሆናለሁ።... ምን?... ማነው ያለህ?... ባለሱቋ? እሷ ሴትዮ ግን ሱቅ ነው የከፈተችው ወይስ ሬዲዮ ጣቢያ?

— ስማ... ስማኝ... እየጮህክ ምንም አልሰማህም። ዝግ ብለህ ንገረኝ። አባትህ ምን ሆነ?... አልጋው ረጥቧል። እሺ።... ጀርባው ቆስሏል። እሺ።... ዘጠኝ ቀን። አዎ፣ ልክ ነው፣ ዘጠኝ ቀን። ባለሱቋ መቁጠር ትችላለች ማለት ነው።

— አይ፣ አስታማሚዋ አልታመመችም። አልጠፋችምም። እዚሁ ፊት ለፊቴ ናት። አንሶላ እያጠፈች።... ኧረ ደህና ናት፣ እንደውም ፊቷ ሞላ ብሏል። — አንቺ፣ የመምህር ልጅ ነው፣ ሰላም ይልሻል። — ሰላም ብላሃለች።... አይ፣ ስልኩንማ አልሰጣትም። ሥራ ላይ ናት።

— ከዚህ እናንተ ቤት ሃያ ደቂቃ እንደሆነ አውቃለሁ። እኔም እዚያው ሰፈር ነው ያደግኩት፣ ረሳኸው እንዴ?... ለምን አልሄደችም? አምስት ቁጥር ስላልተያዘ ነዋ!

— አምስት ቁጥር! ክፍሉ!... እንዴት አታውቅም? አባትህ አልጋ ላይ ሲወድቅ ፎርሙን የፈረምከው አንተ አይደለህ?... ሳታነብ ነው የፈረምከው። የመምህር ልጅ ሳያነብ ፈረመ። ጋሼ ይህን ቢሰማ በጥፊ ነበር የሚልህ፣ እጁ ባይደነዝዝ።

— እሺ፣ ላስረዳህ። ይሄ ገስት ሀውስ የማን ነው? የሰፈሩ። የኔም ያንተም አይደለም። እንግዳ ያድራል፣ ከሱ በሚገኘው የሕፃናት ማቆያው ልጆች ይበላሉ፣ አልጋ የያዙትና ብቻቸውን መዋል የማይችሉት ደግሞ አስታማሚ ይሄድላቸዋል። እዚህ ድረስ ታውቃለህ። ስምንት ክፍል አለን። የሚረዱትም ስምንት ናቸው። በየበሩ ላይ የአንዳቸው ፎቶ ተለጥፏል። እንግዳ ሲመጣ ኮሪደሩን እየሄደ ፎቶ ያያል። ደስ ያለውን ፊት ይመርጣል። በመረጠው ፊት ክፍል ያድራል። ያደረበትን ቀን ያህል አስታማሚ ወደዚያ ሰው ትሄዳለች። አንድ ቀን ካደረ አንድ ቀን። ወር ካደረ ወር።... ማንም ካላደረማ... ማንም ካላደረ ማንም አይሄድም። በቃ ይኸው ነው።

— ቀስ! ቀስ በል! ጭካኔ ምናምን እያልክ... ማንን ነው የምትሳደበው? እኔ እንግዳ አስሬ ላምጣ? አባትህን ሰው ካልመረጠው ምን ላርግ?

— አልመረጡትማ! ፎቶውን አይተኸዋል?... አላየኸውም። እኔ ልንገርህ። ኮሪደሩ መሃል ላይ የቤት ሥራህን አምጣ የሚል ፊት ነው ያለው። ባለፈው ባልና ሚስት መጡ። ሚስትየዋ እየሳቀች፣ እያወራች፣ እንዲህ እያለች መጥታ እሱ በር ጋ ስትደርስ ቀሚሷን ወደ ታች ሳብ አረገች። ሙች! ሰው ለእረፍት መጥቶ እንዲህ ዓይነት ፊት ሥር ይተኛል?

— አንስቼዋለሁ እኮ! ሌላ ፎቶ ሳላነሳው ቀርቼ ነው? ራሴ ካሜራ ይዤ ሄጄ፣ «ጋሼ፣ እስቲ ፈገግ ይበሉ» አልኩት። እሱም ሞከረ፣ መቼም አልዋሽም። ግን ስትሮኩ ግማሽ ፊቱን ወስዶታል አይደል? ግማሹ ይስቃል፣ ግማሹ ይገርፋል! እኔ ደግሞ ሳቄን መቼ እችላለሁ...

— አዎ። ፊቱ ላይ ሳቅኩ። ምን ልዋሽህ።... ምንም አላለኝም። መናገር መቼ ይችላል። — ምን አልሽ?... ምን?... እሺ፣ እነግረዋለሁ። — አስታማሚዋ ምራቁን እኔ ጠርጌለታለሁ በልልኝ ትላለች። ይኸው፣ ብያለሁ።

— በጎንም አንስቼዋለሁ! በደህናው በኩል፣ አዎ። በጎን ሲሆን ደግሞ ፖሊስ ጣቢያ ግድግዳ ላይ የሚለጠፍ ተፈላጊ መሰለ። የድሮው ይሻላል ብዬ መለስኩት።

— ጽሑፍማ አለ። ከሁሉም ፎቶ ሥር ሁለት ሦስት መስመር አለ፤ ማን እንደሆኑ፣ ምን እንደደረሰባቸው። ሰው አንጀቱ የሚንሰፈሰፈው እሱን ሲያነብ ነው። የአባትህ ምን እንደሚል ታውቃለህ? በግራ እጁ ራሱ ነው የጻፈው፣ አልጨምርም ብሎ። «የሂሳብ መምህር ነበርኩ።» በቃ። አራት ነጥብ።... ግማሽ ሰፈሩን አስተምሯል ብለህ ጨምርበት ትላለህ? ግማሽ ሰፈሩን ገርፏል ብዬስ ልጨምር? እሱም እውነት ነው።

— ኧረ አልሳቅኩም። ሳል ነው።

— ሄሎ?... ሄሎ፣ ትሰማኛለህ?... ተቆራረጥክ። ከመኪናው ውረድና ከፍ ያለ ቦታ ላይ ቁም።... አሁን ጥሩ ነው።

— ዝም ብዬ ልልካት አልችልም። ሕግ ነው አልኩህ።... የማን ሕግ?... የማን ሕግ ነው አልከኝ? ኦ! ጥሩ ጠየቅከኝ። ተቀምጠሃል? ድንጋይ ፈልግና ተቀመጥ።

— የአባትህ ነው።

— ሙች የአባትህ ነው! የገስት ሀውሱ ማኅበር ሲቋቋም፣ ያኔ ገና መንገዱን እንደ ወታደር እየረገጠ በሚሄድበት ጊዜ። ሁላችን አዳራሹ ውስጥ ተኮልኩለናል። እሱ ቾክ ይዞ ተነሳ። በስብሰባ መሃል፣ ቾክ! ግድግዳው ላይ ጻፈ፦ አንድ ክፍል፣ አንድ ሰው። አንድ ሌሊት፣ አንድ ቀን። ለሁሉም ትንሽ ትንሽ ሲባል ለማንም አይደርስም አለ። ሰው ደግሞ የሚረዳውን ሰው ፊቱን ካላየ እጁ አይፈታም አለ። ሁሉም አጨበጨበ። ባለሱቋ ብቻ እጇን አወጣች፤ «መምህር፣ ማንም ያልመረጠውስ?» ብላ። ምን ቢላት ጥሩ ነው?

— «ያልተመረጠ ራሱን ያሻሽል።»

— ኧረ ቃለ ጉባኤው አለ! መሳቢያዬ ውስጥ ነው፣ ላውጣና ላንብብልህ?... አትፈልግም። እሺ። እና አሁን ማንን ነው የምትሰድበው? ቀመሩ የሱ ነው። እኔ ማባዛቱን ብቻ ነው የማውቀው፣ እሱንም በኩርኩም ያስተማረኝ እሱ ነው።

— በምሳ ሰዓቷ በራሷ ትሂድ?... ሄዳ ነበር እኮ! የዛሬ ዘጠኝ ቀን፣ ጓሮ ላይ አንሶላ ላሰጣ ብላ ሹልክ አለች። ጥሩ። አጥባው፣ ገልብጣው፣ ቅባት ቀብታው መጣች። በነጋታው የሰባት ቁጥሯ ልጅ እናት፣ እግሯ የማይታዘዛት ልጅ አለች አይደል፣ የሷ እናት መጥታ በሬ ላይ ቆመች። «ለመምህር ክፍሉ ሳይያዝ ከሄደች ለልጄ ለምን አትሄድም?» አለችኝ። ምን ልመልስላት? ልጇም እኮ አስታማሚ ካየች ሁለት ሳምንቷ ነው። እና ከዚያ ወዲህ እቺ ምሳዋን እዚሁ ዓይኔ ሥር ነው የምትበላው።... እስረኛ? እና ደልቷት የምትበላ እስረኛ በላት።

— አንቺ፣ ተይው ትራስ ልብሱን፣ እሱ ተቆጥሯል። ፎጣውን ያዢ። ምን ይቁለጨለጫል ዓይንሽ? — አይ፣ ላንተ አይደለም።

— ማነው ሁለት ቁጥር ሁሌ ሙሉ ነው ያለህ? ባለሱቋ ናታ! እኔ ይቺን ሴትዮ...

— አዎ። ሁለት ቁጥር በር ላይ ያለችው እናቴ ናት። እና?... ትልቁ መስኮት ያለው ክፍል ነው፣ አዎ። ወደ አትክልቱ ያያል፣ አዎ። ማን ሰጣት? እኔ ነኛ! አባትህ ይሰጣታል ብዬ ልጠብቅ?

— እናቴን ሰው ይመርጣታል። እናቴ ትስቃለች። የሷ ፎቶ ሥር ምንም ባይጻፍም ሰው በሷ ክፍል ያድራል። አንዱ እንደውም ፎቶውን በስልኩ አንስቶ ሄደ፣ ለእናቴ አሳያታለሁ ብሎ።

— ...ለምን እንደምትስቅ ታውቃለህ?... አታውቅም። ማንንም ስለማታውቅ ነው የምትስቀው። ሰው ሲመጣባት እንዳታፍር። እኔ ስገባም ያንኑ ሳቅ ነው የምትስቅልኝ። «ና ግባ የኔ ጌታ፣ የማን ልጅ ነህ?» ትለኛለች። እኔም... ተወው። ተወው ባክህ።

— አይ፣ ተወው አልኩህ። አዘኔታህን ለመኪናህ ጎማ አስቀምጠው።

— ብድር? ምን ብድር?... ያኔ ስለገረፈኝ? ሂድ ወደዚያ! እሱማ ማንን አልገረፈም? አንተን ልጁን ራሱ ከኔ አብልጦ ነው የገረፈህ። በግርፋት ቂም ቢያዝ ይሄ ሰፈር ተላልቆ ነበር።

— አይ።... አይ፣ ሌላ ነው።... እውነት አታስታውስም? ስድስተኛ ክፍል? እናቴ የመጣች ቀን?... እሺ፣ እኔ ላስታውስህ፤ የስልኩ ሂሳብም ያንተ ነው። ለሦስት ቀን ክፍል አትግባ ብሎኝ ነበር። እናቴ ልትለምንልኝ መጣች። ከሰው ቤት፣ ከልብስ አጠባ ላይ ተነስታ፣ እጇን እንኳ ሳትለቃለቅ። በሩ ላይ ቆማ «የኔታዬ፣ በሞቴ» አለች። አባትህ ሳይዞር ምን አላት? «ክፍለ ጊዜዬ ሲያልቅ።» አቆማት። አርባ ደቂቃ። ሰሌዳው ላይ ይጽፋል፣ ያጠፋል፣ ይጽፋል። አንዴ አልዞረም። ግቢ አላላት፣ ሂጂ አላላት። ስድሳ ልጅ ቁጭ ብሎ እናቴን ያያል። አንተ ሁለተኛው መስመር ላይ ነበርክ። ትስቅ ነበር።

— አላስታውስም ትላለህ! የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳ አሉ።... ኧረ አልተቆጣሁም። ምን ያስቆጣኛል? የድሮ ነገር ነው። እኔ እንግዳ ማስተናገድ ነው ሥራዬ። ሰው ደስ ብሎት ከወጣ በቃኝ።

— ቆይ... ቆይ፣ ሰው መጣ። እንዳትዘጋው። — እንኳን ደህና መጡ! ይግቡ፣ ይግቡ፣ ዝናቡ አራሰዎት አይደል? ዣንጥላውን እዚያ ጥግ ያድርጉት። አንቺ፣ ለጌታዬ ፎጣ አምጪ!... አዎ፣ ክፍል አለ። በሽ ነው።... የድልድዩ መሐንዲስ ነዎት? ኧረ እርስዎን ነው ሀገሩ የሚጠብቀው! ስንት ቀን ያርፋሉ?... ስንት?... 

— ሰማህ? ሦስት ወር አለ። ድልድዩ እስኪያልቅ ሦስት ወር! በዚህ ዝናብ መንገዱ ተቆርጦ፣ እንግዳ ጠፍቶ፣ ከስምንቱ ሦስቱ ብቻ ተይዘው... ሦስት ወር!

— ይሄኔ አንተ ምን ታስባለህ እኔ አውቃለሁ። ግን ስማ፣ ሁለት ቁጥርም ዛሬ ጠዋት ተለቋል። አሁን እናቴ ጋ ያለችው ተረኛ አስታማሚም ዛሬ የመጨረሻዋ ነው። ከነገ ጀምሮ እሷም እንደ አባትህ ናት። — አዎ ጌታዬ፣ በየበሩ ላይ ያሉት የሚረዱት ሰዎች ናቸው። በየትኛው እንደሚያርፉ እርስዎ ነዎት የሚመርጡት። ቀስ ብለው ይዩ፣ ጊዜ አለን!

— ኮሪደሩን ጀመረ።... አትጩህ፣ እነግርሃለሁ። አንድ ቁጥር ጋ ነው። ዓይነ ስውሯ ሴትዮ። አነበበ... አለፈ። ሁለት ቁጥር። እማዬ ጋ ቆመ። ሳቀላት! አየህ? ሁሉም ይስቅላታል። አለቀ፣ ወንድሜ። ሦስት... አራት... ለይስሙላ ነው አሁን የሚያየው፣ ተመልሶ ሁለትን ነው የሚለው። አምስት ቁጥር ጋ ደረሰ።

— ቆመ።

— ባርኔጣውን አወለቀ።... እኔ ምን አውቃለሁ ለምን እንደሚያወልቅ! ሞቆት ይሆናል።... እያነበበ ነው። አንድ መስመር ጽሑፍ ይህን ያህል ይነበባል እንዴ?... አልሄደም።... ስድስትን ማን ያሳየው?... ምን ሆኖ ነው የማይሄደው ይሄ ሰውዬ?

— አቤት ጌታዬ?... ይሄኛው?... የትኛው፣ አምስት ቁጥር?... እርግጠኛ ነዎት? አይ፣ ማለቴ... አዎ፣ የሂሳብ አስተማሪ ነበር... አዎ፣ እዚሁ ሰፈር... እ?... እህ... እሺ ጌታዬ።

— ሰማኸው? አልሰማኸውም። «ድልድይ የሚቆመው እንዲህ ዓይነት ሰው ተቆጥቶ ባስተማረው ልጅ ነው» አለ። ይኸው። ሌላው ክፍል ሞልቶ ተርፎ ሳይሆን፣ ለመጀመሪያ ጊዜ አባትህ ተመረጠ። ራሱን ሳያሻሽል።

— ጆሮዬን! ጆሮዬን አትብሳው! ምን እልልታ ነው፣ ገና ቁልፍ አልሰጠሁትም እኮ!

— ዝም በል አንዴ... ዝም በል አልኩህ። ላስብበት።

— ጌታዬ፣ ይቅርታ... አንድ ነገር ሳልነግርዎት ብቀር ኅሊናዬ አይፈቅድልኝም። አምስት ቁጥርን ባይይዙት ይሻልዎታል። ጣሪያው ያፈሳል። ዓይኔን ግንባር ያድርገው፣ ትናንት አልጋው መሃል ላይ ዋና ነበር የሚያስለምደው። ሦስት ወር እዚያ ውስጥ ቢተኙ ሳንባዎ አይተርፍም። — ምን ታያለሽ አንቺ? እጠፊ! — ሁለት ቁጥርን ቢያዩት፣ መስኮቱ ሰፊ ነው፣ ወደ አትክልቱ ነው፣ ፀሐይ በወጣ ቀን ቀድማ የምትገባው እሱ ጋ ነው። እናትየዋም... አይተዋታል፣ ምን እላለሁ፣ ፊቷ ይናገራል። ያኛው ሰውዬ ደግሞ፣ ሰው ማማት አይሁንብኝና፣ ተማሪ አስለቅሶ የኖረ ነው... አይ፣ እኔን አይደለም። በወሬ ነው።... እሺ። እሺ፣ ሻንጣዎን ከመኪናው ያምጡ፣ እስከዚያ ያስቡበት።

— ...ሄሎ?

— ሰማህ አይደል።... አዎ ዋሸሁ። አያፈስም። ዛሬ ጠዋት ወለሉን ወልውላዋለች፣ ድርቅ ያለ ነው።

— ስደብ።... ጨምር።... እሱንም ብለኸኝ ነበር፣ ሌላ ፈልግ።... ተመልሼ መጥቼ እገልሃለሁ? ና! ማን ከለከለህ? ጭነቱን ደፍተህ አዙርና ና። ስንት ቀን ይፈጅብሃል? አራት? በአራት ቀን አባትህ ሌላ አራት ቁስል ያወጣልሃል፣ ቆጥረህ ትቀበለዋለህ።

— ...ምነው ዝም አልክ?... ሄሎ?... እያለቀስክ ነው እንዴ?... ኧረ አንተ! ሾፌር ያለቅሳል? መንገዱ ይጨልምብሃል እኮ።

— ምን?... ከፍ አርገህ ተናገር።... ምን ታስታውሳለህ?

— ...አዎ።

— አዎ፣ የሳሙናው አረፋ ከእጇ ይንጠባጠብ ነበር። በሩ ሥር።... አዎ፣ በእግሯ እየሸፈነችው ነበር። እንዳይታይ። አንተ... ይሄን አይተሃል?... እና አይተህ ነው የሳቅከው?... ስላየህ ነው። እህ። ሌሎቹም እንዲያዩ።... እህ።

— ታዲያ መጀመሪያ አላስታውስም ለምን አልከኝ?

— ይቅርታ አትበለኝ። አሁን አትበለኝ። ሃያ ዓመት ሙሉ ትለኝ ነበር፣ በየምክንያቱ እየተገናኘን ነበር። አሁን አባትህ ሲርስ ነው ይቅርታ የመጣልህ? ይቅርታ አልጋ ያደርቃል?... አያደርቅም። በቃ። አትበለኝ።

— እሷ ይቅር ትለው ነበር? ማን፣ እናቴ? እናቴ አባትህን ታውቀዋለች ብለህ ነው? እኔን የማታውቅ! ፎቶውን ወስጄ ባሳያት ትስቅለታለች። «ግባ የኔ ጌታ» ትለዋለች። እኔ ነኝ የማልስቅለት። እኔ ብቻ ነኝ የቀረሁት፣ ገባህ? ከስድሳው ልጅ ሌላው ረስቷል፣ አንተም እያስታወስክ ክደሃል፣ እሷም ረስታለች፣ እሱም አፉ ተይዟል። እኔ ከተውኩት ያ ቀን የለም ማለት ነው።

— ቆይ፣ ተመለሰ። — ይምጡ ጌታዬ፣ ሻንጣውን እዚህ... አዎ፣ አሰቡበት? ሁለት ቁጥርን ላዘጋጅ?... አቤት?... ባልዲ?... የምን ባልዲ?

— ባልዲ እንሰጠው እንደሆነ ጠየቀኝ። ከሚያፈስበት ሥር አስቀምጬ እተኛለሁ አለ። ድልድይ ሥር ድንኳን ውስጥ ያደርኩ ሰው ነኝ፣ ጠብታ አያስነሳኝም አለ። የምን ሰው ነው ይሄ!

— አዎ ጌታዬ... አይ፣ ባልዲ አለን። ሞልቷል ባልዲ። አንዴ ይቀመጡ፣ ቁልፉን... ቁልፉን ከጓዳ ላምጣ።

— ጓዳ ነኝ አሁን፣ አይሰማኝም። እጁን ዘርግቶ ቆሟል። አልቀመጥም አለ።... አዎ፣ ሁለቱም እጄ ላይ ናቸው። ሁለትም አምስትም።... ስጠው አትበለኝ! ስማኝ። ሳትለምነኝ፣ ዝም ብለህ ስማኝ። እናቴ ብቻዋን ስትሆን ቁጭ አትልም። በር ትከፍታለች። ባለፈው ወር፣ አንድ ቀን ብቻ፣ ተራዋ ሆኖ እቺ ስላመማት ቀረች፤ እማዬ በነጠላ ጫማ አስፋልት መሃል ተገኘች። የጭነት መኪና ነው ፍሬኑ ጮሆ የቆመላት። እንዳንተ ያለ ሾፌር ወርዶ ሲሰድባት፣ እሷ እየሳቀች «ግባ» ትለው ነበር አሉ። አስፋልት ላይ ቆማ፣ ግባ። በሩን ከውጭ ልቆልፍባት ሞከርኩ። ጥፍሯ እስኪደማ ቧጠጠችው። እኔ ደግሞ እዚህ ካልዋልኩ ገስት ሀውሱ ይዘጋል፣ ስምንቱም ያልቃሉ።

— አባትህ አይነሳም። ገባህ የምልህ? እሱ ቢያንስ የትም አይሄድም። እዚያው ነው። የሚቆስለው... እዚያው ነው የሚቆስለው።

— አይ፣ ሰው ማወዳደር አይደለም... እና ምንድነው ታዲያ? ማወዳደር ነው። አባትህ ያስተማረኝ ይሄንኑ ነው፣ የቱ ይበልጣል፣ የቱ ያንሳል።... ሄሎ?... ሄሎ፣ ምን አልክ?... «እናትህ ብትሰማ» ብለህ ነው የጀመርከው፣ ከዚያ በኋላ አልሰማሁህም... ሄሎ? ትሰማኛለህ?... ሄሎ!

— ተቆረጠ።

— አንዴ ጌታዬ። መጣሁ።

— አንቺ። ነይ እስቲ ወደዚህ። ፎጣውን ተይው።... ነይ አልኩሽ፣ አልቆጣሽም። ሁሉንም ሰምተሻል አይደል? ዘጠኝ ቀን ሙሉ በዓይንሽ ስትሰድቢኝ ከርመሻል። ሁለቱንም የምታጥቢው አንቺ ነሽ፣ የሱንም ምራቅ፣ የእናቴንም ጥፍር። ይኸው ሁለቱ ቁልፎች። ያዣቸው።... ያዣቸው! ከነገ ጀምሮ የምትሄጂው አንቺ ነሽ፣ የማትሄጂበትንም በር በየቀኑ የምታልፊው አንቺ ነሽ። እስቲ ደግ ነሽ ይሉሻል፤ አንቺ ብትሆኚ የትኛውን ትሰጪው ነበር?